ፀረ እንግዳ

በጠባሴ በኩል ውርጩ ሳይነሣ፣
ጉሙን እንደ ጋቢ ደርቦ በሬሳ፣
ሣጥኔን አንግቼ ዳገቱን ወጣሁት፤
የሃያ አንድ ሰው ስም በኪሴ ያዝሁት፤
ድነዋል ተብለው ከዋርዱ የወጡ፣
በየሦስት ወሩ ደም ሊሰጡ የቆረጡ።

እማማ ወሰንየለሽ፣ የመዝገቡ መጀመሪያ፤
ቤታቸው ከብርድ ልብስ ፋብሪካው ወዲያ።
አልጋው ላይ ዛሬም አለ፣ ጫፉ ቀይ መስመር፣
ባላቸው የሸመነው፣ በሕይወት ሳለ፣ በማታ ተር።

"ከኔ ደም ምን ጠፋህ?" አሉኝ፣ ክንዳቸውን ሳስር።
"ፀረ እንግዳ አካል ነው" አልኩ፣ ብዬ ኮስተር።
ሳቁ። ሳቁ ሳል ሆነ። ቆይቶ ለቀቃቸው።
"ፀረ እንግዳ? እኔ?" እጅግ ገረማቸው።
"'የመሸብኝ፣ የእግዜር እንግዳ ነኝ' ብሎ፣
ማን አድሯል በደጄ፣ ውርጭ ላይ ተጥሎ?
ያም ሳል የገባ 'ለት በር የከፈትሁ እኔ፤
ከገበያ መልስ ነው፣ ተከትሎኝ ከጎኔ።
መደቡ ላይ አረፈ፤ እህል ውኃ አላለም፤
ሸዋፈራሁን ይዞ ሲወጣ አልተሰናበተም።"

በየካቲት፣ ስድስት መቶ አርባ።
በግንቦት፣ ሦስት መቶ ሃያ።
በነሐሴ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ፣ መቶ ስልሳ።

"በግማሽ በግማሽ ነው" አልኳቸው፣ "የሚወርደው።"
"አውቀዋለሁ" አሉኝ፤ "እንደ ለቅሶ ቤት ነው።
ለሠልስቱ ድንኳን ሙሉ፣ ጎረቤቱ ከነልጁ፤
ለአርባው እኩሌታው፣ ያውም ቆሞ ከደጁ፤
ለመንፈቁ አንድ ሁለት እድርተኛ፣ እየቸኮለ፤
ለሙት ዓመቱ እኔና የንስሐ አባቴ፣ ሌላ ማን አለ?
ደሜም ረሳው በለኛ!"

"የለም" አልኩ፣ "አልረሳም። ከመቅኔው ውስጥ አሉ፣
የመጣውን በመልኩ የሚለዩ፣ ዝም ያሉ፤
ተመልሶ ቢያንኳኳ የሚነሡ፣ በሌሊትም።"
"ማሽንህ አያቸው?"
"የኛ ማሽን አያይም።"
"ማን አያቸው ታዲያ?"
በሌላ አገር ታይቷል ልል ነበር። አላልኩም።
ሃያ አንደኛው ስም የኔ መሆኑንም አልነገርኳቸውም።
(ሰማንያ ነኝ እኔ፤ ከሁሉ ቀድሜ የወረድኩ፤
ቁጥሩን ባየሁ ቁጥር ወንድሜን አስታወስኩ።)

ሁልጊዜ ቀኙን ነው የሚሰጡኝ።
ግራውን በነጠላ ጠቅልለው፣ ከጉያ ሸሽገው፣
እንደ ሕፃን አቅፈው።
ምን ሆነ ብዬ አልጠየቅኩም፤ የኔ ሥራ መቅዳት፣
መሰየም፣ ቀን መጻፍ፣ በረዶ ላይ ማኖር፣ መሄድ፣ በቃ፣ ማምሻም ናት።

በኅዳር ግን የቀኙ ደም ሥር እምቢ አለ፤
አንዴ ወጋሁ፣ ሁለቴ፤ ከመርፌው ሥር ኮበለለ።
ይቅርታ ጠይቄ ዕቃዬን ስሰበስብ፣
ነጠላው ሲፈታ ሰማሁት፣ ቀስ ብሎ፣ እጥፍ በእጥፍ፣
የግራው ክንድ መጣ፣ ነጭ፣ ፀሐይ ያልነካው፣
ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጉት፣ ፊታቸውን ግን አዞሩ ከሱ።

"ኦክስጅኑ ሲያጥር በዚህ ነበር የያዘኝ" አሉ።
"እስኪለቅ።"

ላስቲኩን ማሰር ፈራሁ።
አሰርኩት።
አንድ ጊዜ ብቻ ነው የወጋሁ፤ ደሙ ወዲያው መጣ፣
ጥቁር፣ ሙቅ፣ ቱቦውን እስከ መስመሩ ሞላው።
በጥጥ ጫንኩላቸው። "ይበቃል" ብላቸው፣
እጃቸው አልተነሣም፤ ያዙት፣ ያዙት፣
ጥጡ ከደረቀ በኋላም።

ሣጥኔን አንግቼ ጉሙ ውስጥ ልገባ ስል፣
በሩን በቀኛቸው ይዘው ጠሩኝ፤
"የዛሬውን" አሉኝ፣ "ቁጥሩን አትንገረኝ።"